ሦስት ማኅተም

መስከረም 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

አሰብ ከገባሁ አምስተኛ ቀኔ። መስከረም ጠብቷል ብሎ እዚህ ሙቀቱን የሚያሳምን የለም። ላቤ ከክንዴ እየወረደ ወረቀቱን ስለሚያበሰብሰው ከእጄ ሥር ፎጣ አንጥፌ ነው የምጽፈው። ቬንትሌተሩ የሚያመጣው ያንኑ ሙቅ አየር ነው። አባባ ሌሊት ተረኛ ስለነበሩ ጓዳ ተኝተዋል፤ እማዬ ጎረቤታችን አልጋነሽ ጋ ሄዳለች። ቤቱ ፀጥ ሲል ነው መጻፍ የምችለው።

ለምን እንደመጣሁ ልጻፍ። የአራተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጥናቴን አባባ በሚሠሩበት ነዳጅ ማጣሪያ ላቦራቶሪ እንድሠራ ትምህርት ክፍሉ አንድ ሴሚስተር ፈቅዶልኛል። የማጠናው ጨው ነው። የባሕር ውኃ በሚያልፍባቸው ማቀዝቀዣ ቱቦዎች ውስጥ እየተጋገረ የሚደፍናቸውን ጨው። አባባ ይህን ሲሰሙ፣ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት በመዶሻ ስፍቀው የኖርኩትን አንቺ ልትማሪው ነው ብለው ሳቁብኝ።

የሚያስጨንቀኝ ግን ጨው አይደለም። ከአዲስ አበባ ልነሳ ስል አማካሪዬ ዶክተር ወልደሚካኤል ቢሯቸው ጠርተው አንድ ወፍራም ፖስታ ሰጡኝ። ካናዳ ካለ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የዶክትሬት ማመልከቻ ነው። ገና ሳልመረቅ፣ ማስተርስ የሚባለውን በሩቁ እንኳ ሳላይ! እዚያ ጎበዝ ተማሪ ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ እንደሚወስዱ፣ ወጪውንም እንደሚችሉ ነገሩኝ። እኔ ለዚያ አልደርስም ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አመለወርቅ፣ አንቺን ካልላክሁ ማንን ልልክ ነው?» አሉኝ።

ፖስታው አሁን ፍራሼ ሥር ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ሁሉም ወረቀት እስከ ታኅሣሥ 22 እዚያ መድረስ አለበት። ሦስት ወር አለኝ። ሦስት ወር ብዙ ነው።

መስከረም 28

ቸኩያለሁ። ፎርሙን አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት። «ዶክትሬት ለመማር የፈለጉበትን ምክንያት ይግለጹ» ይላል። ግማሽ ገጽ ባዶ ቦታ። ዶክተር ወልደሚካኤል ስላሉኝ ነው ተብሎ አይጻፍ።

ጥቅምት 2

ነገርኳቸው። ምሳ ላይ።

እማዬ እጇን ከትሪው ሰበሰበች። ስንት ዓመት ነው አለች። አምስት አልኩ። ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ወንድሜ ንጋቱ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ ከሐምሌ ወዲህ ደብዳቤ አልጻፈም። እሷ ፊት ስለ መሄድ ማውራት ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ታዲያ መቼ ልናገር? እሱ እስኪጽፍ ዝም ልበል?

አባባ ግን ፎርሙን አምጪው አሉ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ፊደሎቹን ብቻ ያውቋቸዋል፣ ከማጣሪያው የግፊት መለኪያና ከቫልቭ ላይ። እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ገጽ በገጽ አገላበጡት። ጥሩ ወረቀት ነው አሉ። ከዚያ የአንቺ ሥራ ጽሑፉ ነው፣ እዚህ ያለውን ሩጫ ለእኔ ተዪው አሉኝ። ከዚያ ተነስተው ሲሄዱ አካሄዳቸው ራሱ ተለውጦ ነበር።

ጥቅምት 5

የትውልድ ማስረጃ ይፈልጋል። ከቀበሌ ተጽፎ፣ አዲስ አበባ ተተርጉሞ፣ ተረጋግጦ። አባባ ከሌሊት ሥራ ወጥተው ቱታቸውን ሳይቀይሩ ቀበሌ ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ሀብቴ የለም። ነገ ይመለሱ።

ጥቅምት 8

ተገኘ! ጓድ ሀብቴ ለስብሰባ ባሕሩ ዳር ወዳለችው ጥዖ ከተማ ሊሄድ መኪናው ላይ እግሩን ሲያነሳ አባባ ደርሰው አስፈረሙት። እኔ ላቦራቶሪ ስለነበርኩ ራሳቸው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይዘው ሄደው፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ የሥራ ባልደረባቸው ሰጡልኝ። ለሚተረጉሙት ሰዎች ያደርስልኛል።

ምክንያቱን ዛሬ ጻፍኩ። ግማሽ ገጹ ሞላ። ሳነበው የሌላ ሰው ይመስላል፤ ግን ሞላ።

ጥቅምት 21

ተመለሰ። ደብዳቤው ማኅተም የለውም።

የጓድ ሀብቴ ፊርማ አለ፣ ቀን አለ፣ ቁጥር አለ፣ ክቡ ማኅተም የለም። ያን ቀን ማኅተሙ ያለበትን ሣጥን ቁልፍ ጸሐፊው ይዞት ስለሄደ፣ አባባ ፊርማው ካለ ምን ችግር አለው፣ ሰውየውን አገር ያውቀዋል ብለው ተቀብለው ኖሯል። አዲስ አበባ ጓድ ሀብቴን ማን ያውቀዋል! ሁለት ሳምንት አፈር በላ።

ጮህኩባቸው። እማዬ ፊት፣ አልጋነሽ በግድግዳው ወዲያ እየሰማች። «ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም! ይህን ለማወቅ እኮ መማር አያስፈልግም! አንተ እኮ መቼም…»

አንተ። በሕይወቴ አባባን አንተ ብዬ አላውቅም። ከአፌ ከወጣ በኋላ የት ልመልሰው? ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። አባባ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን ፈለጉ። ጠረጴዛው ላይ ፈለጉ፣ ኪሳቸው ውስጥ ፈለጉ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር። ማናችንም አልነገርናቸውም።

ጥቅምት 22

እማዬ አላናገረችኝም። አባባ ቀን ተረኛ ናቸው። ሲመለሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደክሟቸው ነው የገቡት። ነገ።

ጥቅምት 26

አባባ አዲሱን ደብዳቤ አመጡ። ወይን ጠጁ ቀለም ገና አልደረቀም፤ እንዳይደበዝዝ ወረቀቱን እንደ ሞላ ሳህን ጋድመው ይዘው ነው ከቀበሌ በእግር የመጡት። «እይው» አሉ ማኅተሙን በትንሿ ጣታቸው እያሳዩኝ። ደህና ነው አልኳቸው። ከዚህ በላይ ልናገር ፈልጌ ነበር፤ እማዬ ገባች። እንደገና ወደ አዲስ አበባ ተልኳል።

ይቅርታው እንደዋዛ እያለፈ ነው። ምናልባት እሳቸው ረስተውታል።

ኅዳር 4

ዶክተር ወልደሚካኤል ዛሬ በአውሮፕላን መጡ፣ ጥናቴን ሊያዩ፣ ለሁለት ቀን። ከቱቦው የፋቅሁትን ጨው በሙቀቱ መጠን ለይቼ በብልቃጥ ደርድሬ አሳየኋቸው። አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት። ይህ ለዶክትሬት መነሻ ይበቃል አሉ፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ውድነህም ሰምቷል። ሌሎቹ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎች አሉኝ፤ አንዱ የራሱ የአቶ ውድነህ፣ ሌላው የፊዚካል ኬሚስትሪ መምህሬ። የሚቀረው የእሳቸው ነው። ዋናውም እሱ ነው፤ ፎርሙ የአማካሪ ደብዳቤ የሌለው ማመልከቻ አይታይም ይላል።

ኅዳር 5

ዶክተርን አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋቸው። አውሮፕላኑ እስኪነሳ ጥላው ሥር ቆመን ነፋሱ አሸዋ ሲያለብሰን፣ ከደረት ኪሳቸው የታሸገ ነጭ ፖስታ አውጥተው ሰጡኝ። የፖስታው አፍ በተጣበቀበት ላይ፣ ግማሹ ከላይ ግማሹ ከታች እንዲሆን አድርገው ፈርመውበታል። ሕጉን አስረዱኝ። አመልካቹ የተጻፈለትን አያነብም፤ ፖስታው በዚያ ፊርማ እንደተዘጋ መድረስ አለበት። «ከተከፈተ ሞተ በዪው» አሉኝ። ግልባጭ እንዳላስቀሩም ነገሩኝ።

ሲለዩኝ አንድ መጽሐፋቸውን ሰጡኝ፣ ሁልጊዜ ከእጃቸው የማይለየውን። መቼ ልመልስልዎ ስላቸው፣ እኔ አያስፈልገኝም አሉ። ለስብሰባ ወደ ውጭ ብቅ ሊሉ ነው መሰለኝ በዚህ ወር። ደግ ሰው ናቸው።

ኅዳር 9

ፖስታው እማዬ ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር ነው። የትርጉሙ ወረቀት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ላይ እልካለሁ።

አልጋነሽ ለሌላ ሴት ስታወራ ሰማሁ። አምስት ዓመት ጨው ልትቆጥር ፈረንጅ አገር፣ እናትየው ልጅዋ የት እንደወደቀ ሳታውቅ። እውነቷን ነው? አቶ ውድነህ ደግሞ ስትመረቂ እዚሁ ላቦራቶሪ ቦታ አለሽ አለኝ፤ ለአፍታ ደስ አለኝ። ልቤ ደስ ሲለው ያዝኩት። ለመሄድ ይሄን ያህል የጓጓሁት፣ መቅረት እንዲህ ቀላል ሆኖ ነው እንዴ?

አባባ የዶክተርን ፖስታ ላየው አሉኝ። ፊትና ኋላውን አገላብጠው አዩት። ይሄው ብቻ ነው ወይ አሉ። የጨው ልኬቱን እየደመርኩ ስለነበር ቀና አላልኩም፤ ዋናው ደብዳቤ ይሄ ነው አባባ፣ ይሄ ከሌለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው አልኳቸው። እሺ ብለው መለሱት።

ኅዳር 13

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ከላቦራቶሪ ለምሳ ስመለስ አባባ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሌሊት ሠርተው ያደሩ ሰው፣ በዚያ ሰዓት መተኛት ነበረባቸው። እማዬ ከኋላቸው ቆማለች፤ ስንት ቀን ፈገግታ ያላየሁባት ሴት ፈገግ ብላለች። ግቢ፣ ቁጭ በዪ አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፏል፤ ፎጣው ላይ የዶክተር ፖስታ።

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ አባባ። «ከፍቼ ባየው፣ እውነትም ፊርማ ብቻ!»

ክው አልኩ። እሳቸው ግን እኔን አላዩም፤ ታሪኩ አስደስቷቸዋል። የፖስታውን አፍ በምላጭ፣ ወረቀቱ እንዳይጎዳ ቀስ ብለው አላቀቁት። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው፤ የትም ቦታ ማኅተም የለም። ዶክተር ትልቅ ሰው ናቸው፣ ትልቅ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ይረሳል። አዲስ አበባ ልከው ከማስመለስ እዚሁ ይጨርሱታል። ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ እየወጡ ሳይተኙ ተሰለፉ። መጀመሪያ ቀበሌ፤ ጓድ ሀብቴ የበፊቱን ጥፋቱን አውቆ ወዲያው አተመላቸው። ቀጥሎ የሠራተኛ ማኅበሩ። ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት፤ ወይዘሮ ዘሪቱ የውጭ አገር ጉዳይ ነው ብለው ሁለት ጊዜ መልሰዋቸው፣ በሦስተኛው የልጅዎ ዕድል ከሆነስ ብለው አተሙ። ሦስቱም ማኅተም ከዶክተር ፊርማ ላይ ተደራርቦ አርፏል፤ የስማቸው ግማሽ አይነበብም። ከዚያ በኮላ መልሰው አሸጉት። «አሁን ማንም አይመልሰውም» አሉኝ።

ፖስታውን አነሳሁት። ዶክተር ከአፉ ላይ የፈረሙት ፊርማ የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ጋር አይገጥምም። በስንዴ ፍሬ ያህል ተዛንፏል። ኮላው ዳር ዳሩን ቢጫ ሆኗል።

ለምን አልነገርኳቸውም? ሕጉን አስረዱኝ ብዬ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌአለሁ፤ ለደብተሩ ነግሬ ለአባባ ሳልነግር። ማኅተም ማኅተም ብሎ ጆሯቸውን ያደነቆረውስ ማን ነው? ሁለቱም ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ። አባባ ዓይናቸው ቀልቷል፣ እንቅልፍ አጥቶ።

እግዜር ይስጥልኝ አባባ አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል? እማዬ ልብሴን ሳብ አድርጋ ጉልበታቸውን እንድስም ነገረችኝ። ሳምኩ።

ኅዳር 14

አልሠራሁም። ብልቃጥ ሰበርኩ። አቶ ውድነህ አመመሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩ።

ኅዳር 16

ቴሌ ሄጄ ወደ ትምህርት ክፍሉ ስልክ አስያዝኩ። ዶክተር አዲስ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ አሁንም ጊዜ አለ፤ በፍጥነት ቢላክ ይደርሳል። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሬ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ስድስት ሰዓት ላይ አገናኙኝ። ያነሳችው የክፍሉ ጸሐፊ ባዩሽ ናት፤ ታውቀኛለች። ዶክተር ለስብሰባ ከአገር ወጥተዋል አለችኝ። መቼ ይመለሳሉ አልኩ። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አመለወርቅ፣ የኔ እህት፣ ስለ እሳቸው ደግመሽ እዚህ አትደውዪ» አለችኝ። ዘጋችው።

ሥራ በዝቶባት ይሆናል። እመለሳለሁ ያሉት ቀን አልፎ ይሆናል። ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ኅዳር 18

የትርጉሙ ወረቀት ከአዲስ አበባ መጣ። ማኅተሙ ደምቋል። እሰይ።

ለአቶ ውድነህ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። የሆነውን ጽፈሽ አብረሽ ላኪ፤ ሰዎች ናቸው፣ ይረዱሻል አለኝ። ዛሬ ሰባት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሰባት ጊዜ ቀደድኩ። «አባቴ ደብዳቤውን የከፈቱት በአገራችን ማኅተም የሌለው…» እዚህ ስደርስ እጄ ይቆማል። አባቴ ያልተማሩ ናቸው ልበል? ሰባቱም ውስጥ አባባ ወይ ሞኝ ይሆናሉ ወይ ተንኮለኛ። ካናዳ ላለ ለማያውቃቸው ሰው እሳቸውን እንዲያ አድርጌ መስጠት አልችልም። ለእሳቸው ክብር ብዬ ነው የተውኩት።

ለእሳቸው ብዬ ነው።

ኅዳር 19

ዛሬ ላክነው። ያለ ማብራሪያ። አባባ አብሬ ካልሄድኩ አሉ። ፖስታ ቤት ሳጥኑ ጋ ስንደርስ ትልቁን ፖስታ ከእጄ ወሰዱ፣ ሳሙት፣ ከዚያ እስከ ክርናቸው እጃቸውን አስገብተው ለቀቁት። ወድቆ ታች ሲመታ ሰማን። መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሁሉ ሰላምታ ሲሰጡ ነበር፤ ለዓረብ ነጋዴው ሰላም ዓለይኩም፣ ለሹፌሩ ሰላም። እኔን በስሜ ሳይሆን ዶክተር እያሉ ጠሩኝ።

ቤት ስደርስ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 27

አባባ በየቀኑ፣ አሁን የት ደርሷል ይሉኛል። አዲስ አበባ እላለሁ፣ ሮም እላለሁ፣ ባሕር ላይ እላለሁ። በአውሮፕላን አይደል እንዴ የሚሄደው ይሉኛል። አዎ፣ ከባሕሩ በላይ እላለሁ።

ታኅሣሥ 3

አቶ ውድነህ በሩን ዘግቶ፣ ዶክተር ወልደሚካኤል አይመለሱም ይባላል አለኝ። ስማቸውን በአፍሽ አታንሺ፤ መጽሐፋቸው እጅሽ ላይ ካለ ስማቸው ያለበትን ገጽ አውጪው አለ። አወጣሁት። ለማቃጠል አስቤ አጥፌ ጫማዬ ውስጥ አኖርኩት። ጥናቱን ማን እንደሚያርምልኝ አላውቅም።

ታኅሣሥ 5

አባባ ቀበሌ ተጠርተው ሄዱ። ከጧት እስከ አሥር ሰዓት። ስለ ምን ነው ስንላቸው፣ ስለ ውኃው ቱቦ ነው አሉ። ምሳ አልበሉም፣ እራትም አልፈለጉም። ወይዘሮ ዘሪቱም እዚያ ነበሩ አሉ። መዝገብ ቤት ያሉ ሴት ለሰፈር ውኃ ቱቦ ምን አገባቸው?

ታኅሣሥ 11

አባባ ሰሞኑን ስለ ደብዳቤው መጠየቅ ትተዋል። የት ደርሷል ማለትም ቀርቷል። ሥራ በዝቶባቸው ረሱት መሰለኝ። ለእኔም እፎይታ ነው፤ መዋሸት ደክሞኝ ነበር።

ሁለት ቀን በተከታታይ አቶ ውድነህ ቤት አምሽተው መጡ። እማዬ ቁማር ጀመሩ እንዴ ትላለች። አቶ ውድነህ ቤት ምን እንደሚሠሩ እኔም አልገባኝም፤ ከዚህ በፊት ሰላምታ እንጂ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ዛሬ ደግሞ ከሥራ ሲወጡ መዝገብ ቤት ቆመው ሲለምኑ ታይተዋል አለች አልጋነሽ። ወይዘሮ ዘሪቱ መስኮቱን ዘጉባቸው አሉ። አልጋነሽ ወሬ ትጨምራለች።

ታኅሣሥ 22

ዛሬ ነበር የመጨረሻው ቀን። ምንም አልሆነም። ነፋስ ነበር።

ታኅሣሥ 29

ገና። ንጋቱ አሁንም አልጻፈም። እማዬ የእሱን ድርሻ ለይታ በሳህን ከድና አስቀመጠች፤ ከሰዓት በኋላ አባባ ተነስተው በሉላት። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው እያሉ።

ጥር 6

ጥናቱን አዲስ ለተመደበልኝ መምህር ልኬ ነበር። የማላውቀው ሰው ነው። ርዕሱን እንዳሳጥረው ጻፈልኝ። ስለ ጨው ከዚህ በላይ የሚያስብ ያለ አይመስለኝም።

ጥር 20

መጣ።

እማዬ በመስኮት አባባ ፖስታ ይዘው ሲመጡ አይታ፣ ንጋቱ ነው ብላ ባዶ እግሯን ሮጠች። የውጭ አገር ቴምብሩን ስታይ መሐል መንገድ ቆመች። ፀሐዩ ላይ እንደቆመች ቀረች፤ አልጋነሽ ናት ይዛ ያስገባቻት።

አባባ ፖስታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ገልብጠው የተጣበቀውን አፍ አሳዩኝ፤ ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ሄዱበት።

«አልከፈትኩትም» አሉ። «እይው። አልከፈትኩትም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያውቃሉ። ከመቼ ጀምሮ? የት ደርሷል ማለት ከተዉበት ቀን ጀምሮ። አንድ ወር ተኩል ሊሆን ነው፤ እኔ እሳቸውን ስጠብቅ፣ እሳቸው እኔን ሲጠብቁ።

ከፈትኩት። አንድ ገጽ። ከአማካሪዬ የመጣው ደብዳቤ ተከፍቶ የታሸገ ስለሆነ ኮሚቴው ሊቀበለው አይችልም ይላል። ቀጥሎ፣ ከአባትዎ ከአቶ ሣህሉ የደረሰንን ደብዳቤ አንብበናል፤ በቅን ልብ የተደረገ መሆኑን ተረድተናል፤ ሆኖም አማካሪዎ ራሳቸው እስከ ፌብሩዋሪ 1 አዲስ ደብዳቤ ካልላኩ ጉዳዩን ለመዝጋት እንገደዳለን። ፌብሩዋሪ 1 የዛሬ አራት ቀን ነው። ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ዶክተር የት አገር እንዳሉ የሚያውቅ የለም፤ ቢያውቅም የሚነግረኝ የለም።

ምን አሉ አሉኝ አባባ። ከአባትዎ የደረሰን የሚለው ጋ ዓይኔ ተጣብቆ ቀርቶ፣ ደብዳቤዎን አግኝተነዋል ይላሉ አልኳቸው። አንብበነዋል ይላሉ። የዶክተር ግን አዲስ መምጣት አለበት። አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«የእኔው ደብዳቤ ማኅተም ስለሌለው ነው፣ አይደል?» አሉኝ። «ሁሉንም ለመንኩ። የሚያትምልኝ አጣሁ።»

አይደለም አባባ አልኳቸው። አላመኑኝም።

ጥር 21

አቶ ውድነህን ጠየቅኩት። ከቀበሌ የተመለሱ ጊዜ ጠይቀውት የፖስታውን ሕግ የነገራቸው እሱ ኖሯል፤ ከመሳቢያው የደብዳቤያቸውን ግልባጭ አወጣልኝ። አባባ በአማርኛ ሲነግሩት እሱ በእንግሊዝኛ ታይፕ ያደረገው ነው። ሁለት ምሽት ፈጅቶባቸዋል፤ አባባ ቃል በቃል ካልሆነ አይሆንም ብለው። ከሥር በአማርኛ ፊርማቸው አለ፣ በመዶሻ በጠነከረ እጅ። አጭር ነው፤ መልሼ በአማርኛ እዚህ ልገልብጠው።

«እኔ ሣህሉ የአመለወርቅ አባት ነኝ። ፖስታውን ልጄ አልነካችውም። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም ብዬ ራሴ አስቤ ነው። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ልጄ በእኔ ጥፋት እንዳትቀጣ እለምናለሁ።»

የነገረኝ ሰው የለም። አቶ ውድነህ ውኃ አመጣልኝ። ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ እሱ አያውቅም፤ ሙቀቱ ነው ብሏል።

ጥር 24

ፌብሩዋሪ 1 ዛሬ ነው። ከላቦራቶሪ የቅጥር ፎርም ይዤ መጣሁ። ስመረቅ ቦታው የእኔ እንዲሆን ከአሁኑ መሙላት አለብኝ። አባባ እጃቸውን ታጥበው አዩት፤ ይሄኛው በአማርኛ ነው፣ ያነቡታል። እስከ መጨረሻው አነበቡ። የቀበሌ ደብዳቤ ይላል አሉ። አዎ ይላል አልኩ።

ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስተካክለው አኖሩት። እንደገና አነሱት።

«እኔ ላውጣልሽ?» አሉኝ። ድሮ አይጠይቁም ነበር።

እሺ አባባ አልኳቸው።